የአባቷ ጓጉንቸር

ወይ የኢሊዬሳ ቤት! ላባሳ ከተማ ውስጥ እንደዚያ የሚሳቅበት ቤት ነበር እንዴ? ዛሬ ግን ቤተሰቡ ፍርሃት ውስጥ ወድቋል። የስኳር ፋብሪካውን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሲጠግን ያረጀው ኢሊዬሳ ነገር መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ የተቀቀለው ካሳቫ ላይ ሁለቴ ጨው ጨመረ፤ ተሳቀ። ኋላ ግን ሚስቱን ሎሳናን «አንቺ ደግሞ የማን ነሽ?» አላት... ያን ቀን የሳቀ የለም። ሎሳና ልጇን ቫሴቫን ወደ ጓዳ ጎትታ፣ «ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ! ከሥራ ካባረሩት በቁሙ ይሞታል» አለቻት። ቫሴቫ እዚያው ፋብሪካ የጥገና ሙያ የምትማረው ከአባቷ ሥር ሆና ነው። እሱ የረሳውን እያስታወሰች፣ የተሳሳተውን ሰው ሳያይ እያረመች ከረመች።

በፋብሪካው ደንብ፣ ማሽን ውስጥ የሚገባ ሁሉ ማብሪያውን አጥፍቶ የራሱን ጓጉንቸር ይቆልፍበታል፤ ጓጉንቸሩ ካልተፈታ ማሽኑ አይነሳም። አንድ ሰኞ ሸንኮራ የሚያጓጉዘው ማሽን ሴንሰሩ ተበላሽቶ ቆመ። ኢሊዬሳ አጥፍቶ ቆለፈ። ቫሴቫም የራሷን ልትጨምር ስትል፣

«ምን ልትሠሪ ነው? የኔ አለ አይደል! አባትሽን አታምኚውም?» አላት፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ።

ብትቆልፍ ሰው ይጠረጥራል፤ ምስጢሩ ሊወጣ ነው። ባትቆልፍስ... አምላኬ! ጓጉንቸሯን ኪሷ ከትታ ማሽኑ ውስጥ ገባች።

ሴንሰሩን እየፈታች ሳለ የአባቷን ድምፅ ከውጭ ሰማች።

«ይሄን ደግሞ ማን ቆለፈው? ሥራ ፈት ሁሉ!»

ጓጉንቸሩ ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ቫሴቫ ጮኸች።

«አባዬ! እኔ አለሁ! አባዬ!»

ማን ይስማት? ኢሊዬሳ ማብሪያውን መልሶ አበራው፤ የማሽኑ ሰንሰለት ተንቀሳቀሰ፤ ቀኝ እጇን ይዞ ጎተታት። ጩኸቷን የሰማው ኦፕሬተሩ ኩንዳን ሮጦ ቀዩን ማቆሚያ ባይመታው ኖሮ ነፍሷም አትተርፍም ነበር።

ሲያወጧት ኢሊዬሳ ሸሚዙን ቀዶ እጇን አሰረላት፤ ከእጇ የቀረ ነገር ካለ! እያለቀሰ ሠራተኞቹ ላይ ጮኸባቸው።

«እናንተ ጨካኞች! ያለ ጓጉንቸር እንዴት ታስገቧታላችሁ? ይቺ ልጅ አባት የላትም?»

«አለኝ» አለች ቫሴቫ። «አለኝ፣ አባዬ...»

«ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ? ሮጣችሁ አባቷን ጥሩት!»

ማንን ይጥሩ? ሁሉም አንገቱን ደፋ። ዕጣ ፈንታ አንዳንዱን ሰው ሳይገድል ይወስደዋል፤ ቤተሰቡም ለቅሶ እንኳ መቀመጥ አይችልም።