የበርበሬ ጆንያ ሸራ

ባሂራ ለአራተኛ ጊዜ ስታስነጥስ ጀልባዋ ከዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ ገና ሃምሳ ሜትር አልራቀችም ነበር።

ጀልባዋ የአጎቷ የሸረፋ ሥራ ናት። ቡታጅራ ባለው የእንጨት ሥራ ቤቱ ደንበኞች አልጋና ቁም ሣጥን ሲጠብቁ፣ እሱ ሁለት ጠባብ ጀልባዎች ሠርቶ ጎን ለጎን በእንጨት ርብራብ ሲያያይዝ ሦስት ወር ከረመ። ሰፈሩም ሐይቅ በሌለበት አገር መርከብ ይሠራል እያለ ፎገረው። ዛሬ ግን በአይሱዙ ጭነዋት፣ በቆሼ ከተማ በኩል አመጧት፤ ያቺ የሰፈር መሳቂያ እንደ ዳክዬ ተንሳፈፈች። ባሂራ ከደስታዋ ብዛት መቀመጥ አቅቷት ነበር።

ሸራው የተሰፋው ከአሥራ ሁለት የበርበሬ ጆንያ ነው። ሰፊዋ ጓደኛዋ ሕይወት፣ አጣቢዋ ራሷ ባሂራ። የማረቆ በርበሬ የነካው ጆንያ ሦስት ጊዜ ካልታጠበ ብናኙ እንደማይለቅ የቡታጅራ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ባሂራም ሦስቴ አጥቤዋለሁ ብላለች። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቀን የክፍሏ ልጆች መረብ ኳስ ነበራቸው፤ ጆንያዎቹን አጥር ላይ አራግፋ ሮጠች።

ነፋሱ ሸራውን ሲወጥረው ቀይ ብናኝ ቦነነ። ሸረፋ ያስነጥሳል፣ «አልሐምዱሊላህ» ይላል፣ ሳይጨርሰው ሌላው ይመጣል። እሱ፣ ባሂራና ሕይወት፣ ሦስቱም እየሳቁም እያለቀሱም ጀልባዋን እንደ ምንም አዙረው ዳርቻው ላይ ደረሱ።

«ሕይወት» አለ ሸረፋ ዓይኑን እየጠረገ፣ «የመጨረሻዎቹን ሁለት ጆንያ ከእናትሽ ሱቅ አምጥተሽ ሳይታጠቡ ነው የቀጠልሻቸው፣ አይደል?» አልተቆጣም። ግን ከእሱ ቀጥሎ መሪውን መጀመሪያ የሚይዘው ሥራውን በደንብ የሠራ ነው ብሎ ቃል ገብቶ ነበርና፣ ተራው የባሂራ እንደሆነ ተናገረ።

ሕይወት አቀረቀረች። «ይሆናል፣ ጋሽ ሸረፋ።»

ከዚያ ወደ ባሂራ ጠጋ ብላ አንሾካሾከች፦ «ሁለት ቀን ሙሉ እያስነጠስኩ ነው የሰፋሁት። እንዳላጠብሽው አውቄያለሁ። ፈታ በይ፣ ያዢው።»

ባሂራ መሪውን ያዘች። ሦስት ወር በሕልሟ የያዘችው እንጨት ነው፤ ለስላሳ ነበር፣ ለእጇም ልክ ነበር። ነፋሱም ጥሩ ነበር። እሷ ግን አፈረች፤ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ።

ተነሥታ የሕይወትን እጅ ሳበችና መሪው ላይ አስቀመጠችው።

«አጎቴ፣ እኔ ነኝ» አለች። «አንዴም አላጠብኩትም።»

ሸረፋ ሊናገር አፉን ሲከፍት አስነጠሰው፤ ሕይወት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፣ እሱም አብሮ ሳቀ።

ባሂራ ሸራውን ፈትታ እስከ ጉልበቷ ውኃው ውስጥ ገባች። ነከረችው፣ አሸችው፣ ቀይ ውኃ በእግሮቿ መሃል ፈሰሰ።

«አንድ» ብላ ጮክ ብላ ቆጠረች።