የዋንዛ ራስ

ከድሬ ዳዋ ከተደወለላት ወዲህ ሰገነት አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቷታል። ሆቴል ውስጥ የሚጫወት ባንድ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ይፈልጋል፤ ቅዳሜ መጥታ እንድትፈተን ነግረዋታል። ካለፈች ከሐረር የሠርግ ድንኳኖች ትገላገላለች። ካለፈች ግን ጌታነህን ትታ መሄዷ ነው። ሰውዬው ደግሞ «ሂጂ» አይል፣ «ቅሪ» አይል፤ ልቧን አንጠልጥሎ ተቀምጧል።

ጌታነህ ከሸዋ በር ወጣ ብሎ አልጋና ቁም ሣጥን የሚሠራ አናጢ ነው። ያገናኛቸው ቤዙ ነው። ሰገነት ባጃጅ ተገልብጦባት ግራ ትከሻዋ ከተሰበረ በኋላ ከባዱን ቤዝ መሸከም ስላቃታት፣ ርካሽና ቀላል ቤዝ ገዛች። ራስ የለውም፤ አንገቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ቁርጥ ይላል። ክሩ የሚቃኘው ከታች፣ ከገላው መጨረሻ ባሉት ቁልፎች ነው። ገዝታውም እንዲሁ አልተወችውም። ውስጡ ሲያቃጭል የነበረውን ሽቦ አስቀየረች፣ ክሮቹን በወፍራም ተካች። ገላው ትንሽ ስለሆነ ስትቀመጥ ከጭኗ እየተንሸራተተ ሲያስቸግራት ደግሞ፣ የእንጨት መደገፊያ ልታሠራ ጌታነህ ዘንድ ሄደች።

መደገፊያው በአንድ ቀን አለቀ። እሷ ግን መመላለሷን አልተወችም። ዛሬ ጠርዙ ቧጠጠኝ፣ ነገ የማንገቻው ማሰሪያ ከፍ ይበልልኝ እያለች ሰበብ አታጣም። እሱም የላገውን መልሶ ይልጋል። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ፤ ያኔ ሁለቱም ተሽቀዳድመው ስለ እንጨት ያወራሉ።

አንድ ቀን ጊደር መጋላ ገበያን አብረው ሲያቋርጡ ቅመም ሻጮቹ ቤዙን አይተው ሳቁ። «አንቺ፣ ራሱን ማን በላው?» አለቻት አንዷ። ሰገነት አብራቸው ሳቀች። ጌታነህ ግን ፊቱ ቀላ፣ እርምጃውንም አፈጠነ። ለእኔ ተቆርቁሮ ነው ብላ ደስ አላት።

ሐሙስ ዕለት መደገፊያው ስለላላ ቤዙን ትታለት ሄደች። ዓርብ ከቀትር በኋላ ስትመለስ ጌታነህ በፈገግታ ተቀበላት። ቤዙ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ለብሶ ተጋድሟል።

«ግለጪው» አላት።

ገለጠችው። አንገቱ ጫፍ ላይ ከዋንዛ የተጠረበ ራስ በቅሏል። ዙሪያው በስስ መሮ ተቀርጿል፤ በግራና በቀኝ የማይዞሩ የእንጨት ቁልፎች ሳይቀሩ ተተክለውለታል። ቆንጆ ሥራ ነበር። ይበልጥ ያናደዳትም ቆንጆ መሆኑ ሳይሆን አይቀርም።

«ሙሉ አደረግኩልሽ» አለ።

ማንገቻውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። አዲሱ ራስ ከብዶት አንገቱ ወዲያው ወደ ታች ዘመመ። የተሰበረው ትከሻዋ ሲጎተት ሕመሙ እስከ ክርኗ ወረደ።

«ምን ጎድሎት ነው ሙሉ ያደረግከው?»

«ድሬ ሄደሽ እንዳይስቁብሽ ብዬ...»

«ሲስቁብኝ መቼ አለቀስኩ?»

ጌታነህ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ፍቅፋቂ በእጁ ጠረገ።

«ጊደር መጋላ ላይ ለእኔ ያዘንክ መስሎኝ ነበር። ለካ ከእኔ ጋር መታየቱ ነው ያሳፈረህ!»

ይህን ካለች በኋላ እንዲያስተባብልላት ጠበቀች። እሱ መሬት መሬቱን ያያል።

«አዎ፣ አፍሬ ነበር» አለ በመጨረሻ። «አንቺ ስትስቂ እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ነበር። ይህን ያህል ፈሪ ነኝ።»

እንባዋ መጣ። ቤዙን አንስታ እንዳትሄድ ፈተናው ነገ ነው፤ በዚህ ራስ ቆማ አንድ ዘፈን እንኳ አትጨርስም።

«ንቀለው» አለችው።

ብሎኖቹ ወጡ፤ ሙጫው ግን አልለቅ አለ። ከጁምዓ ሶላት የተመለሰው ጎረቤቱ ጀይላን፣ ብረት ሠሪው፣ ጭንቃቸውን አይቶ ስስ መጋዝ አቀበላቸው። «አብሽሪ ሰጊ፣ ኢንሻአላህ ምንም አይሆንም» ብሏት ወደ ሥራው ሄደ።

ጌታነህ ይቆርጣል፤ እሷ የቤዙን አንገት ይዛለች። ጣቶቻቸው ሊነካኩ ትንሽ ነው የቀራቸው። ተናዳበታለች፣ ደግሞም ትወደዋለች፤ ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሆኑ ግራ ገብቷታል። የዋንዛው ራስ ወልቆ ወለሉ ላይ ወደቀ። ክሮቹን መልሳ አስራ ቃኘች።

«ድምፁ አልተበላሸም?» አላት።

«ከዚህ በፊት ሰምተኸው አታውቅም?»

«የት ሰምቼው? እዚህ ስትነኪው እኮ እንደ ዝንብ ነው የሚለው።»

እውነቱን ነው፤ ማጉያ ላይ ሳይሰካ ቤዝ ምን ይሰማል። ሰገነት ዙሪያዋን ቃኘት አደረገች። ለሙሽራ የታዘዘ ባዶ ቁም ሣጥን ጥግ ላይ ቆሟል። የቤዙን አንገት ጫፍ ከቁም ሣጥኑ በር ጋር አስደግፋ ወፍራሙን ክር መታች። ባዶው ሣጥን አጉረመረመ።

ጌታነህ መዳፉን ጣውላው ላይ ለጠፈ። ለነገ ያዘጋጀችውን ሙሉውን ተጫወተችለት። ስትጨርስም እጁን አላነሳም።

«ይቀበሉሻል» አለ ቀስ ብሎ።

«ከተቀበሉኝስ?»

«ትሄጃለሽ።»

«አንተስ?»

ጌታነህ ጣውላውን በአውራ ጣቱ ዳበሰ። ይህን ዝምታውን እስከ ዛሬ ችላዋለች፤ አሁን ግን መረራት።

«ጌታነህ፣ ስለ እንጨት ካልሆነ አፍህ አይከፈትም?»

«እወድሻለሁ» አለ። «እዚሁ እንደምትቀሪ ሳውቅ እነግራታለሁ እያልኩ ነው የቆየሁት። ብትሄጂም ግን እወድሻለሁ።»

ሰገነት ክሮቹን በመዳፏ ያዘቻቸው።

«እንግዲያው ነገ አብረን ነው የምንሄደው። ሲፈትኑኝ ከፊት ትቀመጣለህ።»

«ማን ነው ቢሉሽስ?»

«የሚወደኝ ሰው ነው እላቸዋለሁ። ያኔም ታፍር እንደሆነ አያለሁ።»

ጌታነህ እስከ ነገ አልጠበቀም። ሱቁን ዘጋ፣ እጇን ያዘ፤ በቀን ብርሃን፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ እስከ ቤቷ ሸኛት።