የማክሰኞ ምሽት አባት

ያ ቤት ጣሪያ አልነበረውም። ሳሎን አለው፣ ወጥ ቤት አለው፣ ወደ ላይ የሚወጣ ደረጃም አለው፤ ደረጃው ግን መጋረጃው ጋ ሲደርስ ያልቃል። ቢሆንም በመላው አሜሪካ የዚያን ቤት ያህል የሚወደድ ቤት አልነበረም። ማክሰኞ ማክሰኞ ሕዝቡ እራቱን ይዞ ቴሌቪዥን ፊት ይኮለኮላል፤ አባት ሆኖ የሚጫወተው ኦርቪል ካስዌል በበሩ ብቅ ሲል ገና አፉን ሳይከፍት ይስቅለታል። ልጆቹን ሲመክር፣ ሲያቅፍ፣ ሲያጠፉ ይቅር ሲል… ስንቱ "ምነው የኔ አባት በሆነ!" ብሎ ተመኘ! የገዛ ልጁ ዊኒ ግን ያን ሰዓት ቴሌቪዥኑን አጥፍታ ትቀመጥ ነበር።

እንዴትስ አታጥፋ? እናቷ ሳንባዋን ታማ አልጋ ላይ ስትማቅቅ፣ ኦርቪል "ደርሼ ልምጣ" ብሎ ሆሊውድ ሄዶ ቀረ። እናትየው በር በሩን እያየች አረፈች። ለቀብሯ እንኳ አልመጣም። አክስቷ ጋ ያደገችው ዊኒ፣ የትምህርት ቤት ጓደኞቿ "ታድለሽ፣ እሱን የመሰለ አባት!" ባሏት ቁጥር ሽንት ቤት ገብታ ታለቅስ ነበር።

ዊኒ ጎልምሳ ሳለች አንድ ቀን ስልክ ተደወለ። ደዋይዋ ኔል ሃርጊስ ነበረች፤ በቴሌቪዥኑ የኦርቪል ልጅ ሆና የምትጫወተው።

"እህቴ፣ አታውቂኝም። አባትሽ መርሳት ጀምሯል። እስካሁን የሚለውን በጆሮው እያንሾካሾክሁለት ሸፈንኩት፤ ከእንግዲህ አልቻልኩም። በዚህ ሳምንት ሊያሰናብቱት ነው፣ እሱ አያውቅም። አንቺንም ሳይረሳሽ ድረሽለት።"

"እሱ መቼ ደረሰልን?" አለችና ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት።

ዘጋችው፤ ግን ያቺ "ድረሽ" የምትል ቃል እንደ እሾህ ተሰካችባት። በዚያው ሳምንት፣ ጨዋታው በሚቀረጽበት ቀን፣ ከምትኖርበት ከቤከርስፊልድ ከተማ ወደ ሆሊውድ አውቶቡስ ተሳፈረች።

ስቱዲዮው ከውጪው ሙቀት ሲገቡበት እንደ ምድር ቤት ይቀዘቅዛል። ቀረጻው ሳይጀመር ሕዝቡን የሚያሟሙቀው ቀልደኛ "የማይስቅ ካለ ለአማቱ እንነግርበታለን!" እያለ ይዘላል። አጠገቧ የተቀመጠች ወፍራም ሴትዮ ኦቾሎኒ እየቆረጠመች "እኔማ ከአባቴ ይልቅ ይሄንን ነው የምወደው!" አለቻት።

የዕለቱ ጨዋታ ቀላል ነበር። ልጅየዋ የአባቷን የልደት ኬክ ምድጃ ውስጥ ትደብቃለች፤ እሱ ሳያውቅ ምድጃውን ይለኩሳል። ኦርቪል በበሩ ገባ። ሳቁ እንደ በረዶ ወረደ። ምድጃው ጋ ደረሰ፣ ክብሪቱን አነሳ… ከዚያ ቆመ። ክብሪቱን ምን እንደሆነ እንደማያውቀው ነገር ትክ ብሎ አየው። ሕዝቡ ሳቀ። ኔል ቀስ ብላ ተጠጋችው።

"አባባ፣ ምድጃውን አታቀጣጥልም?"

ቀና ብሎ አያት። ፊቱ ተለዋወጠ። "ዊኒ፣" አላት፤ "እናትሽ ተኝታለች እንዴ? አትቀስቅሻት።"

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ኦርቪል ግን ኔልን እያየ ቀጠለ።

"ነገ እመጣለሁ አልኩ፤ ነገ ሌላ ነገ ወለደ። ከቀብሩ ማግስት ደውዬልሽ ነበር። 'ሄሎ' ስትዪ ድምፅሽን ሰማሁና… አፈርኩ፣ ዘጋሁት።"

አሁንም ሳቁ! ከዊኒ በቀር ያን ዝም ያለ ስልክ ማን ያውቀዋል? በስልኩ የሰማችው ትንፋሽ የአባቷ መሆኑን ያን ቀን አውቃ ነበር፤ ለማንም ሳትናገር ግን አርጅታበት ነበር። ተነስታ በተመልካቹ መሃል እየተደናበረች ወረደች። የስቱዲዮው አስተናባሪ ክንዷን ያዛት።

"አባቴ ነው!"

"የሁላችንም አባት ነው፣ እህቴ። ተቀመጪ!"

መነጨቀችውና አልፋ መድረኩ ላይ ወጣች። ሳቁ ባንዴ ጠፋ።

"አባዬ… ዊኒ እኔ ነኝ።"

ኦርቪል አገር በሚያውቀው ፈገግታ አያት። "የኔም ልጅ ስሟ ዊኒ ነው፣ እመቤቴ። ገና ትንሽ ናት። አባት አለሽ?"

"አለኝ።"

"ቢበድልሽም አትጨክኚበት። አንዳንዱ አባት የሚቀረው ጠልቶ አይደለም፤ አፍሮ ነው።"

ኔል ፊቷን በመጋረጃ ሸፍና ተንሰቀሰቀች።

በሚቀጥለው ሳምንት በቴሌቪዥኑ ሽማግሌው አባት ወደ ፍሎሪዳ ሄዷል ተባለና ጨዋታው ያለ እሱ ቀጠለ። ዊኒ ግን ቤቷ ወሰደችው። አጠበችው፣ ሾርባ አጎረሰችው። እሱ ሁልጊዜ "እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ እመቤቴ" ይላታል፤ አንድ ቀን እንኳ "ልጄ" ብሎ አልጠራትም። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጣል። ክረምቱ ሲገባ ደረቱ ማጓራት ጀመረ፤ የእናቷ ሕመም መልሶ የመጣ ይመስል ነበር። በመጨረሻው ቀን እጇን ጨብጦ፣

"እመቤቴ፣ ዊኒ ከመጣች በር ላይ እንዳትመልሻት፤ አደራ!" አላት።

"አትመለስም፣ አባዬ። ገብታለች።"

"ተመስገን…" አለ፤ እጁም ላላ።

አቤት ዕጣ! አንዱን አባቱን ነፍጎ ፍቅሩን ያወርሰዋል፤ ለሌላው አባቱን መልሶለት "ልጄ" መባልን ይነጥቀዋል። ዊኒ ዓይኖቹን ከደነችለት፤ ግንባሩን ሳመችው፤ ማንም ባልሳቀበት በዚያ ቤት ውስጥም ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብላ እንደ ሕፃን አለቀሰችለት።