የመጀመሪያው ዲስክ

ግንቦት 13 ቀን 2009 ዓ.ም. እሑድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ጉለሌ ቁስቋም ባለው የቶለሳ ቤት አራት ሰዎች ነበሩ፤ አኒሜሽን ሠሪው ቶለሳ፣ ባለቤቱ ሃዊ፣ ፊልሞቹን በዲስክ የሚያከፋፍለው ሬድዋን እና ፊልሙ የተሠራበትን «ጭጋግ ጠባቂዋ» የተባለ ልቦለድ የጻፉት ወይዘሮ ኢየሩ። የተሰበሰቡት ፊልሙ ከአሥር ዓመት በኋላ በአዲስ ዲስክ መውጣቱን ለማክበር ነበር። አሥር ሰዓት ላይ ቶለሳ ጓሮውን ከሚደግፈው ከፍ ያለ ግንብ ሥር ወድቆ ሞቶ ተገኘ።

ኢንስፔክተር አጸደ ስትደርስ ሬሳው አልተነሣም። ቶለሳ በጀርባው ተንጋልሏል። የአዲሱ ዲስክ ሽፋን አጠገቡ ወድቋል።

«አዳልጦት ነው» አለ ሬድዋን።

አጸደ ግንቡ ጫፍ ላይ ሁለት የሸሚዝ ቁልፎች አነሣች። «ሲያዳልጥ ቁልፍ አይበጠስም። እርስዎ የት ነበሩ?»

«ስምንት ሰዓት ላይ ፊልሙ እንደተጀመረ የአዲሱን ዲስክ ካርቶኖች በታክሲ ጭኜ ሸጎሌ፣ ሱቄ ሄድኩ። የመጣሁት አሁን ነው። ሹፌሩን ይጠይቁት፤ መንገዱን ሙሉ ሲሰድበኝ ነበር፣ አይረሳኝም።»

ሹፌሩ በስልክ አረጋገጠ፤ ስድቡንም ደገመው።

ሃዊ ወጥ ቤት ቆማ ታለቅሳለች። «እዚሁ ነበርኩ። የፊልሙ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጸጥ አለ። በቃ፣ ወሬ የያዙ መሰለኝ።»

ወይዘሮ ኢየሩ ጋቢያቸውን አጥብቀው ይዘዋል። «ቶለሳ ፊልሙን ከፍቶልኝ ሲጋራ ሊያጨስ ወጣ። እኔ ከሶፋው ንቅንቅ አላልኩም። እስከ መጨረሻው አየሁ። አሥር ሰዓት ላይ ሲያልቅ ልጠራው ወጣሁና ጮህኩ።»

«መሃል ላይ አልቆመም?»

«ኧረ በጭራሽ! የነካውም ሰው የለም።»

አጸደ የዲስክ ማጫወቻውን ከፍታ ውስጡን አየች። ከዚያ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበች።

«እዚህ ውስጥ ያለው አዲሱ አይደለም» አለች። «የዛሬ አሥር ዓመት የወጣው ነው። የድሮው በሁለት ዲስክ ነው፤ አንደኛው በአንድ ሰዓት ውስጥ ያልቅና ሰው ተነሥቶ ሁለተኛውን ይከታል። ማጫወቻው ውስጥ ያለው አንደኛው ነው። ሁለተኛው ከድሮው ሽፋን አልወጣም። ሃዊ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሰማችው ጸጥታ ይኸው ነው። እትዬ ኢየሩ፣ መጨረሻውን ማንም አላየውም። እርስዎ አዲሱ የተከፈተ መስሎዎት ነበር፤ አዲሱ አንድ ዲስክ ነው፣ ሳይቆም ያልቃል።»

«ምን አደረገኝ ብዬ?»

«አዲሱ ሽፋን ላይ ድምፅ የሰጡት ሰዎች ተዘርዝረዋል። የድሮው ላይ ‹የደራሲዋ ልጅ› ተብሎ የተጻፈው የሰምሀል ስም የለም።»

ሰምሀል የኢየሩ ልጅ ነበረች። በዘጠኝ ዓመቷ በፊልሙ ውስጥ ላለችው ወፍ ድምፅ ሰጠች፤ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ሞተች።

ሬድዋን አቀረቀረ። «የእሷ ድምፅ ቅጂ ተበላሽቶብን በሌላ ልጅ አስቀዳነው። ለእርስዎ መንገር ቶለሳን ከበደው።»

ኢየሩ የያዙትን ጋቢ ለቀቁት።

«እኔ ቤት ያለው የድሮው ዲስክ ተጫጭሮ አይሠራም» አሉ። «ሽፋኑን ሳነብ ደሜ ፈላ። ወጥቼ ‹ልጄን የት አደረስካት?› አልኩት። ‹ይግቡና ይስሙ› ይለኛል! የሌላ ልጅ ድምፅ ይስሙ የሚለኝ መስሎኝ... ደረቱን ይዤ ገፋሁት። ከዚያ እስከ አሥር ሰዓት እዚያው ግንቡ ጥግ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።»

«ሊያሰማዎት የነበረው የድሮውን ነው» አለች አጸደ።

«ወፏ የምትናገረው ሁለተኛው ዲስክ ላይ ነው» አለች ሃዊ። ፊታቸውን አላየችም። «ያልተጫጨረ የድሮ ዲስክ ለማግኘት ሁለት ወር ዞረ። ለእርስዎ ነበር።»

ኢየሩ እጃቸውን ዘረጉ። «አንዴ ብቻ አሰሙኝ።»

«ኤግዚቢት ነው፣ እትዬ። አልችልም።»

ሁለቱ ዲስኮች በፖስታ ታሽገው፣ ቁጥር ተሰጥቷቸው ጣቢያ ገቡ። ወይዘሮ ኢየሩ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቃላቸውን ሰጥተው ፈረሙ። ጣቢያው ውስጥ ዲስክ ማጫወቻ አልነበረም።