የጁምዓው ልኬት

ባጃጁ ሆሳዕና መናኸሪያ አጥር ጥግ ቆሟል። ሾፌሩ ወርዶ ተሳፋሪ ይጣራል። ዳኘ ከኋላ ሲገባ ጋሽ ተረፈ ቀድሞ ተቀምጧል።

«ዋርካ፣ ሰላም ነህ?» አለው ተረፈ በምስጢር ስሙ።

«ይመስገን፣ ጋሼ።»

ፌስታል ከጭን ወደ ጭን ተሻገረ። ውስጡ ከመዳፍ የማይበልጥ የቮልቴጅ መለኪያ አለ፤ በአንድ ጎኑ ሁለት ሽቦ፣ በሌላው ወደ ኮምፒውተር የሚገባ የዩኤስቢ ገመድ።

«ነገ በጁምዓ ሶላት ሰዓት» አለ ተረፈ። «የላፕቶፑ ባትሪ ደካማ ነው፣ ቻርጀሩን ሰክተህ ሥራ። ጌታ ይጠብቅህ።»

ትከሻውን መታ አድርጎት ወረደ። ዳኘ ስለላውንም ኤሌክትሪኩንም የተማረው ከዚህ ሰው ነው።

ፎንቆ ከተማ ላይ ዳኘን የሚያውቁት የሀጂ ኢብራሂም ወፍጮ ቤት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኖ ነው። ከወፍጮው ጎን ባለው መጋዘን ውስጥ ቆጣሪ የማያውቃቸው ማሽኖች መስመሩን ይጠጣሉ። ኃይሉ ሲወርድ የጤና ጣቢያው ፍሪጅ ይቆማል፣ የሕፃናት ክትባት ይበላሻል። የመጋዘኑ ሰዎች «ወፍጮው ነው» እያሉ ያመልጣሉ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚለየው ወፍጮዎቹ ሁሉ ለሶላት ሲቆሙ ብቻ ነው። ያን ሰዓት ኃይሉ ጥሩ ስለሆነ ማሽኖቹ በሙሉ ይነሳሉ።

«ዳኘ ልጄ፣ ቤቱን አደራ» አሉ ሀጂ በማግስቱ። ቁልፉን ሰጥተውት ወደ መስጊድ ሄዱ።

ወፍጮው ጸጥ አለ።

ዳኘ የጎማ ጫማውን አጠለቀ። ብሬከሩን አጥፍቶ ቦርዱን ከፈተ። ላፕቶፑን ደረቅ ጆንያ ላይ አስቀመጠና ቻርጀሩን አነሳ።

እጁ እዚያው ቀረ።

«መስመር ስትለካ ላፕቶፑ ከግድግዳ ይነቀል፣ በባትሪ ብቻ ይሥራ» ያለው ማን ነበር? ተረፈ ነው። አንዴ ቢረሳ ጆሮውን ቆንጥጦት ነበር።

ቴስተሩን አወጣ። አንዱን ጫፍ የመለኪያው ሽቦ ላይ፣ ሌላውን የዩኤስቢው ብረት ላይ አደረገ። የመስመሩን ኃይል ከኮምፒውተሩ የሚለይ ክፍል መሃላቸው አለ። ጤነኛ ዕቃ ከሆነ ቴስተሩ ዝም ማለት አለበት።

ጮኸ።

የመለኪያውን ክዳን በካቻቢቴ ፈታ። ያንን ክፍል ዘልሎ ሁለቱን ወገን የሚያገናኝ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ተበይዷል። ብየዳው ክብ ነው፣ ንጹህ ነው። የማን እጅ እንደሆነ አወቀ።

ቢሰካው ኖሮ ላፕቶፑን የነካበት ቅጽበት የመጨረሻው ነበር።

«ጌታ ሆይ» አለ በልቡ።

ሽቦውን ቆረጠ። ቴስተሩ ዝም አለ። መለኪያውን መጀመሪያ በትንሽ ባትሪ ሞከረው፤ ቁጥሩ ትክክል መጣ። ክዳኑን ገጠመ፣ ፊውዙን አየ፣ ብሬከሩ እንደጠፋ ሽቦዎቹን አሠረ። ቻርጀሩን ወዲያ ገፋው። ከዚያ ኤሌክትሪኩ በደረቱ እንዳያልፍ ግራ እጁን ኪሱ ከትቶ በቀኙ ብሬከሩን መለሰ።

ስክሪኑ ላይ የቮልቴጁ መስመር ቀጥ ብሎ ሄደ። ከግድግዳው ማዶ ማሽኖቹ ማጉረምረም ጀመሩ። መስመሩ ቁልቁል ወረደ።

ፋይሉን ስለ ተበየደው ሽቦ ከጻፈው አጭር መልእክት ጋር በስልኩ ኢንተርኔት በቀጥታ ለሚሰልልለት ቢሮ ላከው።

በሩ ሲጥ አለ።

ተረፈ ነው። መጀመሪያ ያየው ወለሉን ነበር።

«ቻርጀሩን አልሰካህም።»

«ጎበዝ አስተማሪ ነበረኝ።»

«ፋይሉን ስጠኝና እንርሳው።»

«ሄዷል።»

«የሚሄደው እኮ በእኔ በኩል ነው።»

«እስከ ዛሬ።»

ተረፈ ጆንያ ላይ ቁጭ አለ። «ልጄ ርብቃ የምትማርበትን የመጋዘኑ ሰዎች ያውቃሉ። ወይ ልጅህን ወይ ኤሌክትሪክ ሠራተኛውን አሉኝ።»

«ብትነግረኝስ?»



«ጸልዬልህ ነው የመጣሁት» አለ ተረፈ። «እውነቴን ነው።»

«አውቃለሁ። ባትጸልይ ይሻል ነበር።»

ብዙም ሳይቆይ ቢሮው የላካቸው ፖሊሶች መጋዘኑን ሰብረው ገቡ፣ ተረፈን ይዘው ወጡ። ወፍጮ ቤቱንም ምርመራው እስኪያልቅ አሸጉት። ሀጂ ከመስጊድ ሲመለሱ በሩ ላይ ወረቀት ይለጠፍ ነበር።

«ዳኘ ልጄ፣ አንተ ነህ የጠራሃቸው?»

«አዎ፣ ሀጂ።»

«አንድ ትሪ ላይ እየበላን?»

ዳኘ ዓይኑን ወደ ተለጠፈው ወረቀት መለሰ።

«ስምህስ ዳኘ ነው?»

ዳኘ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ሀጂ እጃቸውን ዘረጉ። ቁልፉን አስቀመጠላቸው።

ዳኘ በተሳፈረበት የዱራሜ ሚኒባስ ውስጥ ሁለት ሴቶች በሀዲይኛ ያወራሉ፤ እያንዳንዱ ቃል ይገባዋል። ሀጂ እንደ ልጃቸው ስላኖሩት ሰው ነው ወሬው፤ ወፍጯቸውን አስዘግቶ ስለ ጠፋው። አንደኛዋ ዞር ብላ በአማርኛ ጠየቀችው።

«ይህን ጉድ ሰማህልን፣ ወንድሜ?»

«ሀዲይኛ አልችልም፣ እህቴ» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።