ከቀይዋ ነጥብ በታች

የዘይት ግፊት የሚያሳየው የጌጁ ቀስት ሽቅብ ተስፈንጥሮ ጥጉ ላይ ተለጠፈ። ሞተሩ ገና መነሳቱ ነው፤ ቱርቦ ግን ነዳጁን እየረገጠ ያስጮኸዋል። በአንድ እጁ መሪውን፣ በሌላው ስልኩን ይዟል።

«አጥፋው! ገና አልሞቀም እኮ!» ብላ ጮኸች ቴርሞስ፣ በመስኮቱ አንገቷን አስግጋ።

ቱርቦ አልሰማም፤ ወይም እንዳልሰማ ሆነ። ደግሞ ረገጠው፣ ደግሞ ረገጠው። የጋራዡ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። በመጨረሻ እግሩን ሲያነሳ ከሞተሩ ውስጥ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ መጣ፤ ብርጭቆ በማንኪያ የሚመቱ ይመስል ነበር። ወዲያው ጠፋ።

«ሰማህ?»

«ምኑን?»

«ጠቅ ጠቅ ሲል ነዋ!»

«ኧረ ባክሽ፣ አታካብጂ! ይልቅ ይሄን ስሚው፤ ቀውጢ ነው!» አለና ቪዲዮውን ከፈተላት።

ቱርቦ የአክስቷ ልጅ ነው። አብረው አንድ ቤት ስላደጉ ግን ወንድሟ ነው ማለት ይቀላል። ቱርቦ የሚለውን ስም ለራሱ ያወጣው ራሱ ነው። እሷንም ቴርሞስ ያላት እሱ ነው፤ በውድድር ቀን ጠዋት የእናቷን መኪና የምታሞቀው እሷ ስለሆነች።

እናቷ መካኒክ ናት። በሥራ ቀን የሰው መኪና ትጠግናለች፤ እሁድ ሲሆን ደግሞ የራሷን ባለ ሁለት በር፣ መሬት የምትልስ መኪና ይዛ ዳገት በመውጣት ትወዳደራለች። ሞተሩን ብሎን በብሎን የገጣጠመችው በራሷ እጅ ነው። ዛሬም ውድድር ስላለ የዳገቱን መንገድ በእግሯ ለማየት ማልዳ ወጥታለች።

በዚህ ቤት አንድ ሕግ አለ። ቀዝቃዛ ሞተር አይጮህም። ነዳጅ ሳይሰጡት በሚኒሞ ብቻ እያጉረመረመ ይቆያል፤ ዘይቱ ሲሞቅ የዘይት ግፊት ጌጁ ቀስት ከላይ ቀስ እያለ ይወርድና ቀይዋ ነጥብ ላይ ያርፋል። ነጥቧን በጥፍር ቀለም የሠራቻት እናቷ ናት። «በዕድሜዬ የገዛሁት አንድ የጥፍር ቀለም ቢኖር እሱም ለመኪና ዋለ» እያለች ትስቃለች። ከዚያ በኋላ ያሞቀው ሰው ቁልፉን ነጂው መዳፍ ላይ አስቀምጦ «ሞቋል» ይላል። «ሞቋል» ከተባለ ጥያቄ የለም። እናቷ ጌጁን እንኳ ሳታይ ነው የምትነዳው፤ ኩርባ ላይ ዓይን ያለው ለመንገዱ ብቻ ነው።

ቴርሞስ ቁልፉን ለቱርቦ የሰጠችው «ለአንድ ቪዲዮ ብቻ፤ በሚኒሞ፣ ሙች!» ስላላት ነበር። አሁን በራሷ ተናደደች።

«ሙች ብለህ አልነበር?»

«አየሽው አይደል ቀስቱን? እስከ ጥጉ! አክስቴ ራሷ ምንድን ነው የምትለው? ‹የዘይት ግፊት ከሌለ ሞተር የለም።› ይኸው፣ ግፊቱ በሽ በሽ ነበር! ታዲያ ምን ይሆናል?»

እውነቱን ነው፤ እናቷ እንደዚያ ትላለች። ግፊት ጥሩ ከሆነ ብዙ ግፊት ይበልጥ ጥሩ መሆን አለበት። ታዲያ እናቷ ቀስቱ ሲወርድ ፊቷ የሚፈካው ለምንድን ነው? ለምን ሲወጣ አይፈካም? ይህን አንድም ቀን ጠይቃት አታውቅም። እናቷ ባስረዳቻት ቁጥር ራሷን እየነቀነቀች «ገብቶኛል» ትላለች። ምኑም አልገባትም።

ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ሁለቱም ጌጁ ላይ አፈጠጡ። ቀስቱ እንደ ወትሮው ቀስ እያለ ወረደ፤ ነጥቧ ጋ ደረሰና ቆመ። ቆመ ወይስ አለፋት? ቴርሞስ ራሷን ወደ ግራ ስታዘነብል ከነጥቧ በታች ነው፤ ወደ ቀኝ ስታዘነብል ነጥቧ ላይ ነው። ዓይኗን አሸችና እንደገና አየች። ጭራሽ ግራ ገባት።

«ከነጥቧ በታች አይደለም እንዴ?»

«ነጥቧ ላይ ነው። ቀለሙ ነው ወፍራም የሆነው።» ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን መለሰላትና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝማ። አክስቴ ጎኗ እንድቀመጥ ስንት ለምኛት ነው ዛሬ እሺ ያለችው! ይሄን ከሰማች አበቃልኝ። ሆድ ይፍጀው፣ እሺ? ቴርሞስ አይደለሽ? ክዳንሽን ግጠሚ።»

ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

እሷም ልትስቅ ሞክራ አልሆነላትም። ባለፈው ክረምት የደንበኛ መኪና መስታወት የሰበረችው እሷ ሆና ሳለ «እኔ ነኝ» ያለው ቱርቦ ነው። አንድም ቀን አላነሳባትም። አሁንም አላነሳባትም፤ የባሰባትም ይኸው ነው።

ቁርስ ልትበላ ወጥ ቤት ገባች። የማሩ ፕላስቲክ ሌሊቱን መስኮቱ ሥር አድሮ ቀዝቅዟል። ዳቦዋ ላይ ዘቅዝቃ ጨመቀችው። ምንም የለም። በሁለት እጇ ጨመቀችው፤ ፕላስቲኩ ተወጠረ፣ ጣቶቿን አመማት፤ ከአፉ የወጣው ግን ክር የምታህል ማር ብቻ ናት። የበለጠ በጨመቀች ቁጥር የበለጠ ተወጠረ እንጂ ዳቦው ያው ደረቅ ነው።

እጇ ባለበት ቀረ።

የቀዘቀዘ ዘይትም እንዲህ ቢሆንስ? ቀስቱ ጥግ የደረሰው ዘይቱ አላልፍ ብሎ ቢሆንስ? እናቷ «ፀጉር እንኳ አያስገባም» የምትለው በብረትና በብረት መሃል ያለው ቦታ እንደ ዳቦው ደርቆ እያለ፣ ቱርቦ ያን ሁሉ ረግጦት ቢሆንስ? ወይስ ማርና ሞተር ምን አገናኛቸው? ጠቅ ጠቅ ያለውም ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። አሁን እኮ ፀጥ ብሏል። የሚጣፍጥ ማር ይዛ ቁርሷ አልበላ አላት።

«የት ናችሁ እናንተ!» የእናቷ ድምፅ ከግቢው መጣ። «መንገዱ ደርቋል፣ ነፋስ የሚባል የለም! ዛሬ ነው ቀኑ!»

ቴርሞስ ጋራዥ ስትደርስ ቱርቦ ሄልሜቱን አጥልቆ መኪናው ውስጥ ተቀምጧል። እናቷ ጓንቷን እየሳበች መጣችና እንደ ሁልጊዜው መዳፏን ዘረጋች።

ቴርሞስ ቁልፉን ጨብጣ ቆመች። «ሞቋል» ብትል ውሸት አይደለም። መኪናዋ በእርግጥ ሞቃለች። አንድ ቃል ናት፤ ተናግራት ብትገላገል ቱርቦ ይደሰታል፣ እናቷ ትደሰታለች። ግን እናቷ አንድ ጊዜ የነገረቻት ትዝ አላት፤ ሞተር በሩጫ ላይ ከነከሰ፣ ብረት ከብረት ተጣብቆ ከቆመ፣ ጎማውም አብሮ ይቆማል፣ መሪ አይታዘዝም። ዳገቱ ደግሞ በአንድ በኩል ገደል ነው። እናቷና ቱርቦ ሁለቱም እዚያች መኪና ውስጥ ይሆናሉ።

ቁልፉን እናቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።

«ቃሉስ የኔ እናት?» አለች እናቷ ፈገግ ብላ።

«እማ፣ ማለት አልቻልኩም።»

«አልሞቀም?»

«ሞቋል። ግን ግራ ገብቶኛል። ሳይሞቅ ጮኋል። ቀስቱ ጥግ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ ጠቅ ጠቅ አለ። አሁን ከነጥቧ በታች መሰለኝ፤ ላይሆንም ይችላል። ቁልፉን ከእጄ ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

የማንንም ስም አልጠራችም። እናቷ ግን ወደ ሄልሜቱ ዞር አለች።

«ፋራ!» አለ ቱርቦ። ሄልሜቱን ከራሱ ላይ መንጭቆ ወጣና ማንንም ሳያይ ጋራዡን ለቆ ሄደ። የቴርሞስ እንባ ዱብ ዱብ አለ።

እናቷ አልተቆጣችም። ነጂው ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ሞተሩን አስነሳች፣ ጌጁን ፊት ለፊት ትክ ብላ አየችው። ሞተሩን አጠፋችው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች ለራሷ፣ ጓንቷን እያወለቀች። ከዚያ መኪናዋን በክሪክ አንስታ፣ በብረት እግሮች ደግፋ፣ ባልዲ ይዛ ሥሯ ገባች።

«ነይ መብራት ያዢልኝ።»

ብሎኑን ስትፈታው ትኩሱ ዘይት እንደ ውሃ ቀጥኖ ወረደ። እናቷ በአውራ ጣቷ ጠብታ ተቀብላ ከሌባ ጣቷ ጋር አሸችው፤ ወደ መብራቱ አስጠጋችው። ጣቷ ላይ ደቃቅ ነገር ብልጭ ብልጭ አለ።

«እማ፣ ያ ምንድን ነው?»

«ከሞተሩ የተፋቀ ብረት ነው።» እናቷ ጣቷን እያየች ቆየች። «ኩርባው ላይ ቢሆን ኖሮ…» አለችና ተወችው።

በባልዲው በኩል የጫማ ጫፍ ታየ። ቱርቦ ተመልሶ ቁጢጥ ብሏል። የእናቷን ጣት አየ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

«እማ» አለች ቴርሞስ፣ «ሲቀዘቅዝ ቀስቱ ለምንድን ነው ወደ ላይ የሚወጣው? አልገባኝም። ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

ከዚያ ቱርቦም እንዲያይ መብራቱን ትንሽ ወደ እሱ አዞረችው።