የዳማው እናት

«እናቷን አይተህ ልጇን አግባ ይባላል፤ ፈረስም ያው ነው» አሉ አቶ ፍቅረማርያም የዳማውን ፈረስ አንገት መታ መታ እያደረጉ። «የዚህ እናት የታለች?»

ቦንቱ አባቷን ገሜዳን አየችው። አስኮ ሰፈር ዳር ባለው ግቢያቸው ፈረስ እያረባ ሲሸጥ ነው የኖረው፤ ገዢ ዘር ሳይጠይቅ እንደማይገዛ ያውቃል።

«ሞታለች፤ እግሯ ተሰብሮ» አለ።

ውሸት አልነበረም። ግማሽ እውነት ግን ከውሸት በምን ይሻላል? እናቲቱ ዳፍንት ነበረባት፤ ጀንበር ከጠለቀች ዓይኗ አያይም። አንድ ምሽት ቦይ ውስጥ የገባችውም ሳታየው ነው። እሷም ዳፍንቱን ከራሷ እናት ወርሳው ነበር። ዳማውም ሲመሽ በረቱ የሚገባው ግድግዳውን እየገጨ ነው። ቦንቱ ትናንት ይህን ብታነሳ አባቷ «ልጅ ሁሉ እናቱን አይወርስም» ብሎ ዝም አሰኛት።

ገዢዎቹ የመጡት በጠራራ ፀሐይ ነው። ጥርሱን አዩ፣ ኮቴውን አዩ፤ የአቶ ፍቅረማርያም ልጅ ሄቨን ጋለበችው። በፀሐይማ ማን ይደርስበታል።

ሄቨን የቦንቱ ክፍል ተማሪ ናት። ቦንቱ ትምህርት ቤት ከቀየረች ጀምሮ ምሳዋን ብቻዋን ነበር የምትበላው፤ በስሟ የሚጠራት ስም ጠሪው አስተማሪ ብቻ ነበር። ሄቨን ያናገረቻት ቤታቸው ፈረስ እንዳለ የሰማች ዕለት ነው። ከዚያ ወዲህ አብረው ይበላሉ። የቦንቱ አባት ዋሽቶ ከተገኘ አቶ ፍቅረማርያም ልጃቸውን በዚህ በር ዳግም አያሳልፏትም፤ የሰኞም ምሳ እንደ ድሮው ይሆናል። ብቸኝነት ክፉ ነው፣ አፍ ያስይዛል።

«ቀውጢ ፈረስ ነው ባክሽ» አለች ሄቨን ከፈረሱ ወርዳ። «ከጥናት መልስ ማታ ማታ እጋልበዋለሁ። አንቺም ትመጫለሽ፣ እሺ?»

ቦንቱ እንዲህ የሚላት ሰው ስትመኝ ከርማለች። አሁን ግን ሄቨንን ጨለማ ውስጥ፣ በማያይ ፈረስ ላይ በሐሳቧ አየቻት።

ሁለቱ አባቶች በዋጋው ተስማምተው ሊጨባበጡ ነው።

«ጋሼ፣ እስኪመሽ ይቆዩ» አለች ቦንቱ። «ሲመሽም ይዩት። እናቱ ዳፍንት ነበረባት።»

ገሜዳ የዘረጋውን እጅ ሰበሰበ። አቶ ፍቅረማርያም አጥሩ ሥር ሄደው ቆሙ። ሄቨን ልጓሙን ለቃ ከአባቷ ጎን ሆነች፤ ወደ ቦንቱ አልዞረችም።

ለመምሸት ገና ነበር። ቦንቱ ለእንግዶቹ የሚቀመጡበት ዱካ አውጥታ ሰጠችና ዳማውን ይዛ ብቻዋን ትጠብቅ ጀመር።